ዓይኔን ጥቁር ቀለም ላስወጋ?

«ይድረስ ለእትዬ። እንደምን ሰነበቱ? 23 ዓመቴ ነው፤ ኮምቦልቻ ፀጉር ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ቲክቶክ ላይ የዓይናቸውን ነጭ በሙሉ ጥቁር ያስደረጉ ሰዎች አይቼ ልቤ እዚያው ቀረ። ደሴ ንቅሳት የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ዓይን ሠርቶ አያውቅም፤ ቪዲዮውን ግን ደጋግሞ አይቶታል። ‹በመርፌ ትንሽ ጠብታ ነው፤ 5 ደቂቃ አይፈጅም፤ አንተ የመጀመሪያው ስለሆንክ በነጻ እሠራልሃለሁ› ብሎኝ ለሚቀጥለው ወር ተቀጣጥረናል። እናቴ ሰምታ ‹ዓይንህን ብትነካ ምርቃቴን አታገኝም› አለች። እህቴ ደግሞ ‹ዓይን ከወደድክ እጅህ ላይ የዓይን ሥዕል ተነቀስ› ትላለች። ምን ይመክሩኛል? ቀለሙስ ጥቁር ይሻላል ወይስ ሰማያዊ? ደግሞ በግራ ዓይኔ ጥቁሩ ላይ ከልጅነቴ የቀረ ነጭ ነገር አለ፤ እሱም አብሮ ይጠፋል ብዬ ነው። መ. ነኝ፣ ከኮምቦልቻ።»

ልጄ መ.፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ጓደኛህና ስለ እናትህ በደንብ ከጻፍክ በኋላ ዋናውን ነገር ከበር ተመልሶ ዕቃ እንደሚያነሣ ሰው መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ጣል አድርገሃታል። ወደዚያች መስመር እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን አጭሩን መልስ ልስጥህ፦ አታስወጋ። ጥቁሩንም፣ ሰማያዊውንም፣ በነጻ የሚባለውንም፣ በብር የሚባለውንም። ቀጠሮውን ዛሬውኑ ሰርዘውና ቀሪውን ረጋ ብለህ አንብብ።

ጓደኛህ ክንድ ላይ አንገት ላይ ሲሠራ ያምርለት ይሆናል። ዓይን ላይ የሚደረገው ግን ስሙ ንቅሳት ተባለ እንጂ ሥራው ሌላ ነው። ቆዳ ሲነቀስ የማሽኑ መርፌ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ገብቶ ቀለሙን ይተክላል፤ ቀለሙም በተተከለበት ይቀመጣል። ነቃሹ ትንሽ ቢያጠልቅ ይደማል፣ መስመሩ ይደበዝዛል፣ ብዙውን ጊዜ ከዚያ አያልፍም። የዓይን ነጭ ላይ ግን ማንም ምንም አይሥልም። ቀለሙ የሚገባው በስሪንጅ ተወግቶ ነው። ነጩን ከላይ የሸፈነ፣ እንደ ሽንኩርት ውስጠኛ ልጣጭ የሳሳና ጥርት ያለ ሽፋን አለ፤ ሐኪሞች ኮንጀንክቲቫ ይሉታል። ቀለሙ መግባት አለበት የሚባለው በዚህ ሽፋንና ከሥሩ ባለው ነጭ ግድግዳ መካከል ነው። ከገባ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚያዝበት የለም፤ ውሃ የነካው ወረቀት ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም በራሱ ጊዜ ይሰራጫል።

ነጩ ግድግዳ ምን ያህል ይወፍራል መሰለህ? ወፍራም በሚባልበት ቦታ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በሚሳሳበት ደግሞ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ። የአውራ ጣትህን ጥፍር ተመልከት፤ ዓይንህ ከዚያ ጥፍር የሚሳሳ ቦታ አለው። ከግድግዳው ጀርባ የደም ሥር የበዛበት ሽፋን አለ፣ ከዚያ ብርሃን የሚቀበለው ሬቲና። መርፌው ያቺን ታህል አልፎ ቢሄድ ቀለሙ የዓይንህ ውስጥ ነው፤ ታጥቦ አይወጣ፣ ተጠርጎ አይወጣ። የዓይን ሐኪም እንኳ ዓመታት ተምሮ፣ አደንዝዞ፣ በማይክሮስኮፕ እያየ ነው እዚያ አካባቢ እጁን የሚያስገባው። ጓደኛህ ቪዲዮ አይቷል።

አንተ ፀጉር አስተካካይ ስለሆንክ በሙያህ ልጠይቅህ። ምላጭ በያዝክበት የመጀመሪያ ቀን የማንን ራስ ሰጡህ? የሠፈር ሕፃን ወይም የራስህን ወንድም ይሆናል፤ ብታበላሸውም ፀጉሩ በ15 ቀን ይመለሳል። ጓደኛህም መማሩን አልጠላሁበትም። የሚማርበት ነገር ግን የሚመለስ መሆን አለበት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። በወሎ ገጠር የዓይን ፀጉር ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ሲወጣ መብራት ይዤ የቆምኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ትራኮማ፣ አባቶቻችን የዓይን ማዝ የሚሉት፣ የዓይን ቆብን ውስጡን ጠባሳ እያስያዘ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ወረንጦ በማተባቸው አንጠልጥለው የሚመጡ እናቶች ነበሩ፤ ጧት ጧት የዞረውን ፀጉር አንድ በአንድ ይነቅሉታል፣ ይበቅላል፣ እንደገና ይነቅሉታል። ከመካከላቸው አንዷ ብርሃኗ ሊጠፋ ጥቂት የቀራት ነበረች። ያደረሰባት የገዛ ሽፋሽፍቷ ነው፤ ዓመት ከዓመት ጥቁሩን እየፈተገ። ከዚያ ወዲህ ማንም ዓይን አጠገብ መርፌ ይዞ «ትንሽ ጠብታ ናት» ሲለኝ የእሷ ወረንጦ ነው ፊቴ የሚመጣው።

የቀለሙ ነገር አዲስ ነው። በፈረንጆቹ 2007 ሻነን ላራት የሚባል የአካል ማስዋብ ድረ ገጽ ያቋቋመ ካናዳዊና ሁለት ሌሎች ሰዎች፣ ሉና ኮብራ በሚል የሥራ ስም በሚታወቅ ሰው እጅ ዓይናቸውን አስወጉ፤ አሁን የምታየው ፋሽን የተነሣው ከዚያ ነው። 20 ዓመት ያልሞላው ነገር ሰው በ60 ዓመቱ ምን እንደሚያደርገው ለማየት ገና አልደረሰም። የደረሰውን ግን አይተናል። በፈረንጆቹ 2016 አንዲት ፖላንዳዊት ወጣት አንተ እንደምትመኘው ዓይኗን ጥቁር አስደረገች፤ የተወጋላት ለቆዳ የተሠራ ቀለም ነበር። ሲያማት የሠራላት ሰው «የተለመደ ነው፣ ማስታገሻ ውሰጂ» አላት። የአንድ ዓይኗ ብርሃን ጠፋ። በ2017 ደግሞ አንዲት ካናዳዊት ሞዴል ሐምራዊ ቀለም አስወጋች፤ ሐምራዊ እንባ አነባች፣ ዓይኗ አብጦ ተዘጋ፣ እይታዋም ተጎዳ። የወጋት ሰው የምትቀርበውና የምታምነው ነበር። ይህን የምነግርህ ጓደኛህ ክፉ ነው ለማለት አይደለም። መርፌው ወዳጅነትን አያውቅም። በዚያው ዓመት የካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሥራውን በሕግ ከለከለች፤ በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካዋ ኢንዲያና ተከተለች።

እንግዲህ ግድግዳው ባይበሳ እንኳ የሚቀረውን ስማ። ብርሃን መፍራት፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የማይጠፋ እብጠት፣ ከነጩ ወደ ቆብና ወደ ጉንጭ የሚወርድ ቀለም። ከተበሳ ደግሞ ኢንፌክሽኑ ውስጥ ይገባል፣ ሬቲናው ይላቀቃል፣ አንዳንዱ ዓይኑ ተነቅሎ እስከ መውጣት ይደርሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም አለ፦ አንድ ዓይን ተበስቶ ሲጎዳ፣ አልፎ አልፎ የሰውነት መከላከያ ጤነኛውን ዓይን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃዋል። አንዱን ነክተህ ሁለቱን ልታጣ ትችላለህ ማለት ነው። ደግሞ የወፍ በሽታ ሲይዝህ መጀመሪያ የት ነው የሚታየው? የዓይንህ ነጭ ላይ። ነጩን ካጠቆርከው ሐኪሙም እናትህም ቢጫውን የሚያዩበት መስኮት የለም።

ይህን የምታነቡ ሌሎች ልጆች ቀድማችሁ አስወግታችሁ ከሆነ ለቁጣ ጊዜ የለኝም። ዓይን ካመመ፣ ብርሃን ከፈራ፣ ከደበዘዘ፣ ፈሳሽ ከወጣው በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። አትሹት። የጡት ወተት፣ ቅጠል፣ ጎረቤት ያለውን ማንኛውንም ነገር አታድርጉበት። በተለይ ፋርማሲ ገብታችሁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ አትግዙ፤ ቅላቱን ያጠፋውና ዳኑ ያሰኛችኋል፣ ውስጥ ያለው ኢንፌክሽን ግን ተመችቶት ይበላል።

ወደ እህትህ ሐሳብ ልምጣ። ደስ አለኝ፤ ቀልደኛ ልጅ ትመስላለች። ሃይማኖቱን በተመለከተ እኔ ፍርድ አልሰጥም፤ እናትህ የምታምንበትን ታውቀዋለህ፣ የመስጊዱ ሸህም የደብሩ ቄስም ሩቅ አይደሉም፣ ሄደህ ጠይቅ። ውበቱን በተመለከተ ግን አገርህ የዓይን ሥዕል ጥማት የለባትም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቁ ሁለቱም ዓይኖቹ ትልልቅ ሆነው ፊት ለፊት ያዩሃል፤ ይሁዳና ሰይጣን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። የክታብ ብራና ገልጠህ ካየህ ደግሞ ጠልሰሙ ዓይን በዓይን ነው፤ በታማሚው ላይ ያደረው መንፈስ አይቶት እንዲሸሽ ነበር የሚሣለው። ቲክቶክ ላይ ያለውን ሦስት ማዕዘን ውስጥ የተቀመጠ ዓይን ከምትነቀስ (እሱን ብትነቀስ መቼም ግማሹ ኮምቦልቻ ኢሉሚናቲ ገባ ብሎህ ሌላ ደብዳቤ ልትጽፍልኝ ነው) እንዲህ ያለውን ፈልግ።

እናቴ ድዷን ተነቅሳ ነበር። በጥላሸትና በእሾህ፣ ሁለት ሴቶች ይዘዋት፤ ድዱ ሲጠቁር ጥርሷ ወተት መሰለ። አንገቷም ላይ ሦስት ረድፍ ነበራት። ያን ሁሉ ሕመም የቻሉ ሴቶች ዓይን ላይ ሲደርሱ ግን ያቆሙ ነበር፤ ለዓይን ኩል ነው፣ እሱም ቆቡ ጠርዝ ላይ። (ኩሉም ቢሆን እርሳስ የተባለው ማዕድን ያለበት ብዙ ነው፤ ሕፃናትን አትኳሉ።)

በቆዳ ላይ ከሆነ ሥራው፣ የምጠይቅህ ጥቂት ነው። መርፌው ፊትህ ከማሸጊያው ይውጣ። ቀለሙ ለአንተ ብቻ በትንሽ ክዳን ይቀዳ፤ ለሌላ ሰው ከተነከረበት አይሁን፤ ሄፓታይተስ ቢና ኤች አይ ቪ የሚሻገሩት እንዲህ ነው። ጓንት ይልበስ። ቤተሰብህ ውስጥ ቁስሉ ሲድን አብጦ የሚቀር ሰው ካለ ለአንተም ያሰጋልና ተወው። የዓይን ሥዕል ደግሞ ሽፋሽፍት ስላለው ትንሽ አድርገህ ካሠራኸው መስመሮቹ በጥቂት ዓመት ተገናኝተው ዓይን ሳይሆን ጥቁር ነጥብ ይሆንብሃል። መዳፍህ ውስጥና ጣትህ ላይም አታሠራ፤ ቀኑን ሙሉ እጅህ ውሃና ሳሙና ነው፣ ቶሎ ይለቃል።

አሁን ወደዚያች መስመር።

ጓደኛህ ቀለሙን የሚወጋው ነጩ ላይ ነው። ያንተ ነጭ ነገር ያለው ግን ጥቁሩ ላይ ነው፤ ከጥቁሩ ፊት እንደ ሰዓት መስታወት የተቀመጠው ኮርኒያ የሚባለው ሽፋን ጠባሳ ይዞ ይሆናል። ስለዚህ ቀለሙ እሱን አይነካውም፤ አይጠፋም። እስቲ ዓይንህን ጨፍነህ አስበው፦ ዙሪያው በሙሉ ጥቁር ሆኖ በመካከሉ ያቺ ነጭ ነጥብ ብቻዋን ስትቀር። አሁን ከቅርብ ያየህ ሰው ብቻ የሚያስተውላት፣ ያኔ ከመንገድ ማዶ ትታያለች። ልትደብቃት ብለህ መብራት ልታበራባት ነበር።

ፀጉር ቤት የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ነው የሚቆመው። የደንበኛውን ፊት ሲያስተካክል የራሱን ያያል፤ ደንበኛውም መስታወቱ ውስጥ ያየዋል። ስንት ጊዜ «ዓይንህን ምን ሆነህ ነው?» እንደተባልክ አልጻፍክልኝም። አይገርመኝም፤ በእኛ አገር ሰው ያለ ክፋት ይጠይቃል፣ ሳይጎዳም አያልፍም። ሰው ሁሉ አንተ በመረጥከው ነገር እንዲያፈጥብህ ፈልገህ ነው እንጂ ጥቁር ዓይን ፈልገህ አይመስለኝም። ተሳስቼ ከሆነ ጻፍልኝ።

አብሽር፣ ለእሱ ሕክምና አለ። ዛሬ ማታ ቀኝ ዓይንህን በመዳፍህ ሸፍነህ ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ በግራህ ብቻ ተመልከት። ቁጥሩን ታነባለህ? ጥላ ብቻ ነው የሚታይህ? ምንም የለም? ያየኸውን ጻፈውና ይዘኸው ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሂድ። በዓይን ሕክምናው ወሎ የሚያውቀው ሆስፒታል ነው፤ የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ስትገባ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከልጅነት የሚቀር ጠባሳ ከእሾህ ወይም ከእንጨት ጉዳት፣ ከኩፍኝ፣ ከትራኮማ፣ ሳይታከም ከቀረ ቁስል ሊመጣ ይችላል፤ እናትህ የምታስታውሰውን ጠይቀህ ሂድ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው። ይህን ስትጠይቃት ደግሞ ስለ ምርቃቱ ጠባችሁ በዚያው ይበርዳል።

ሐኪሙ ምን ሊልህ ይችላል? ጠባሳው ስስና ከመሐል ወጣ ያለ ከሆነ መነጽር ብቻ ሊያዝልህ ይችላል። ጠባሳውን የሚሸፍን፣ በልክ የተሠራ ባለቀለም ሌንስ አንዱ መንገድ ነው። በልክ የተሠራ ማለቴን ልብ በል፤ ገበያ ላይ ለፎቶ የሚሸጠውን፣ በቧንቧ ውሃ ታጥቦ ከጓደኛ ጓደኛ የሚዞረውን አይደለም፤ እሱ ራሱ ኮርኒያ ያቆስላል፣ አዲስ ጠባሳ ይተክላል። አገራችን የዓይን ባንክ አላት፤ ከሞቱ በኋላ ኮርኒያቸውን ከሚለግሱ ሰዎች ተወስዶ ንቅለ ተከላ ይሠራል። ንቅለ ተከላ የሚታሰበው ግን ዓይኑ ማየት የሚችል ሲሆን ነው፤ ጠባሳው ገና በሕፃንነትህ እይታህን ጋርዶት ከነበረ አንጎልህ በዚያ ዓይን ማየትን ሳይማር ቀርቶ ይሆናል፣ ያኔ መስታወቱ ቢቀየርም ብርሃኑ ላይመለስ ይችላል። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ተስፋ አድርገህ ሄደህ እንዳትደነግጥ ነው። ያ ከሆነም ቀኝህ ብቸኛ ዓይንህ ነው፤ ቀለም ሊወጉበት ቀጠሮ የያዝክበት።

ደግሞ አንድ የሚያስቅህ ነገር ልንገርህ። ዓይንን በቀለም መንቀስ ከቲክቶክ በፊት ሐኪሞች ያውቁታል፤ የሚሠሩት ግን ለእንዳንተ ላለው ነው። ጋሌን የተባለው የጥንቱ ሐኪም በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኮርኒያ ነጭ ጠባሳን ቀለም ስለማልበስ ጽፏል። በፈረንጆቹ 1869 ደግሞ ደ ቬከር የሚባል የዓይን ሐኪም ጠባሳውን በጥቁር ቀለም ነቅሶ ጥቁሩን ጥቁር አስመሰለው። ዛሬም የማያይ ወይም የተጎዳ ዓይንን መልክ ለመመለስ የዓይን ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መንገድ ነው። አደጋ የለውም አልልህም፣ ለአንተ ይሆናልም አልልህም። ቦሩ ሜዳ ስትደርስ በስሙ ጠይቀው፦ «የኮርኒያ ንቅሳት ለእኔ ይሆናል ወይ?» በለው። እንዲህ ብለህ ስትጠይቅ ሐኪሙ ቀና ብሎ ያይሃል፤ አትፈር።

ለጓደኛህ «እናቴ ከለከለችኝ» ብለህ አታምልጥ፤ ነገ ሌላውን ይጠራል። የጥፍርህን ውፍረት አሳየው፣ የፖላንዳዊቷን ነገር ንገረው። እውነተኛ ወዳጅ ከሆነ ስሪንጁን ያስቀምጣል፤ እጅህ ላይ ለሚሠራው ሥዕልም የተሻለ ይጠነቀቅልሃል።

ከሐኪሙ የሚሰጥህን ወረቀት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። የሐኪም ጽሕፈት ማንበብ ከነርስነት የቀረልኝ ጥቅም እሱ ብቻ ነው።